ቤተሰብ እያስተዳደሩ አዲስ ቤት እንዴት እንደሚያሠሩ

ቤታችን እየተሠራ ሳለ አንድ ቀን ስልክ ተደወለና የስድስት ዓመቷ ልጄ አነሣችው። «እማዬ የለችም፤ ቤት ሄዳለች» ብላ ዘጋችው። ይህን ያለችው ከምንኖርበት ቤት ሳሎን ተቀምጣ ነው። ባለቤቴ ማታ ሲነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ቀጥሎ የሚናገር ጠፋ።

በዚያ ሰሞን ለአንድ ወር ያህል ከሥራ እንደወጣሁ በየቀኑ ወደ ግንባታው እሄድ ነበር። ቆሜ የማየው ብሎኬት በብሎኬት ላይ ሲደረደር ነው፤ እኔ ብኖርም ባልኖርም የሚደረደር ነገር። ልጄ አተኩሷት ከቤት የዋልኩበት አንድ ቀን ግን የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ኮንክሪት የፈሰሰበት ቀን ሆነ። በማግስቱ ስሄድ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ቧንቧ መውጣት ከነበረበት ቦታ አንድ ስንዝር ርቆ ተቀብሮ አገኘሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ኮንክሪት ግን ከፈሰሰ አይለቀምም፣ ይሰበራል እንጂ።

ቤት የሚያሠራ ሰው በየቀኑ መገኘት እንደማይጠበቅበት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መገኘት ያለበት ሊሸፈን የተቃረበ ነገር ባለበት ቀን ነው። እነዚያን ቀናት ለይቶ የያዘ ሰው የቀሩትን ለልጆቹ፣ ለትዳሩና ለእንቅልፉ መስጠት ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ነው።

1. የሚሸፈኑትን ሥራዎች ዝርዝር ይያዙ

ቁፋሮ ሳይጀመር ከመሐንዲስዎና ከሥራ ተቋራጩ ጋር ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ከተሸፈነ በኋላ ሊታይ የማይችለው ምን ምን ነው?» መልሱ በአብዛኛው ቤት ላይ ተመሳሳይ ነው።

የመጀመሪያው ቅየሳው ነው። ችካል ተተክሎ ሲባጎ ሲወጠር ይገኙ፤ ሜትርም ይዘው ይሂዱ። በአንዱ ሲባጎ ላይ ከማዕዘኑ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ካልመጣ ማዕዘኑ ጠማማ ነው። ለዚህ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ያኔ ካልታየ ግን የወለል ንጣፉ ወደ ጥግ ሲደርስ እየቀጠነ ሲሄድ ዕድሜ ልክዎን ያዩታል።

ቀጥሎ የመሠረቱ ጉድጓድ ይመጣል። አፈሩን አይቶ «ይበቃል» ማለት ያለበት መሐንዲሱ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ መሐንዲሱ ሳያየው እንዳይሞላ ማድረግ ነው። ከዚያ በመሠረቱ፣ በአምዱ፣ በተሸካሚውና በሶሌታው (ከኮንክሪት በሚሠራው የፎቅ ወለል ወይም ጣሪያ) ውስጥ የሚቀበረው ፌሮ፣ ማለትም የኮንክሪት ማጠናከሪያ ብረት አለ። ብዛቱንና ውፍረቱን ከሥዕሉ ጋር የሚያመሳክረው ባለሙያው ቢሆንም፣ አንድ ነገር ግን ዐይን ያለው ሰው ሁሉ ሊያየው ይችላል። ብረቱ ከታች ካለው ጣውላ ላይ ተኝቶ ከሆነ ኮንክሪቱ ዙሪያውን አይሸፍነውም። እርጥበት ያገኘው ብረት ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ለዚህ ነው ከብረቱ ሥር ትናንሽ የኮንክሪት ቁራጮች የሚቀመጡት። ከሌሉ ይጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ከወለል በታች የሚያልፉት ቧንቧዎች የእኔ ጠባሳ ስለሆኑ ደግሜ አልናገርም። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩት የኤሌክትሪክና የውሃ መስመሮች ከልስን በፊት ይታያሉ፤ የውሃው መስመር ደግሞ በግፊት ተሞልቶ እንደማያፈስ ሳይረጋገጥ አይለሰንም። የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ መከላከያ ሽፋን ከሴራሚክ በፊት ይፈተናል። ፈተናው ቀላል ነው፤ የወለሉ ፍሳሽ ይዘጋል፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይቆራል፣ 24 ሰዓት ይጠበቃል። ውሃው ከጎደለ ወይም ከሥር ያለው ጣሪያ ከራሰ ሴራሚኩ ይቆያል።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው ለአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ከአሥራ ሁለት ቀን እምብዛም አይበልጡም። የግንባታው ዘመን ስንት ወር እንደሆነ አስበው ያወዳድሩት። በውሉ ውስጥም አንድ አንቀጽ ያስገቡ፦ ሥራ ተቋራጩ ማንኛውንም ነገር ከመሸፈኑ 48 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ሳይታይ የተሸፈነውን በራሱ ወጪ ይከፍታል። ከዚህ አንቀጽ በኋላ ስልኬን ትራስ ሥር ማስተኛት ተውሁ።

በእነዚያ ቀናት ፎቶግራፍ ያንሡ። ዝም ብሎ ግድግዳን ማንሣት ግን ከንቱ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ሁሉም ግድግዳ አንድ ይመስላል። ሜትሩን ከጥግ ጀምረው በግድግዳው ላይ ዘርግተው፣ ቁጥሩ እንዲነበብ አድርገው ያንሡ፤ የክፍሉን ስም በወረቀት ጽፈው ከሥሩ ያስደግፉ። ልስን ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው እኔና ልጄ ይህን ስናደርግ ዋልን። የሜትሩን ጫፍ ጥጉ ላይ ይዛ የምትቆመው እሷ ነበረች።

2. የቤተሰቡን ቀናት ከግንባታው መርሐ ግብር በፊት ይጻፉ

አብዛኞቻችን የግንባታውን መርሐ ግብር ግድግዳ ላይ ለጥፈን የቤተሰቡን ጉዳይ በቀረው ቦታ ለማስገባት እንሞክራለን። የቀረ ቦታ የሚባል ነገር ግን የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የማይነሡትን ይጻፉ፦ የልጆች ፈተና፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የልደት ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን የምትወጡበት ምሽት። ከዚያ በሌላ ቀለም ከላይ የቆጠርናቸውን የሚሸፈኑ ሥራዎች ያስገቡ። ሁለቱ ቀለሞች አንድ ቀን ላይ ከተገናኙ ችግሩን ከሳምንታት በፊት ያውቁታል፤ ወይ ቀኑ ይገፋል፣ ወይ እርስዎን ተክቶ የሚያይ ባለሙያ ይቀጠራል።

ግንባታው ራሱ የሚሰጠው ዕረፍትም አለ። ብዙ ሰው ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለዋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካላዊ ውህደት ስለሆነ ቶሎ ከደረቀ ደካማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። ጥንካሬው የሚለካው ደግሞ በተለምዶ በ28ኛው ቀን ነው። የሶሌታው ድጋፍ እንጨትም መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አይነሣም። ባለቤቴ ይህን ጊዜ «ሥራው ቆመ» እያለ ይበሳጭ ነበር። እኔ ግን ለልጆቹ ዕረፍት የጠበቅሁት እሱን ነው። ውሃ የሚያጠጣውን ሰው በስሙ ለይተው ኃላፊነት ሰጥተው፣ ማጠጣቱንም የሚያረጋግጥ ሌላ ሰው ይዘው፣ እርስዎ ከቤተሰብዎ ጋር ይሁኑ።

3. ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን

ከመኝታ ቤታችን በር አጠገብ ሽቦ የሌለው የሶኬት ሳጥን አለ። ባለቤቴ ጠዋት ሄዶ «በስተቀኝ» ብሎ ነበር፤ እኔ ከሰዓት በኋላ ሄጄ «በስተግራ» አልኩ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጨዋ ሰው ስለሆነ ሁለታችንንም ላለማስከፋት ሁለቱንም ቦታ ቦረቦረ። ዛሬ ሥዕል ሰቅለንበታል።

ከሁለት አንዳችሁ ብቻ ከሥራ ተቋራጩ ጋር ይነጋገር፤ ሌላው ደረሰኝንና ክፍያን ይያዝ። ሐሳብ ማንም ሊኖረው ይችላል፤ ለፎርማኑ፣ ለሠራተኞቹ አለቃ፣ የሚደርሰው ግን በአንድ አፍ ነው፣ እሱም በጽሑፍ። በስልክ የተባለ ነገር ሁሉ በዚያው ቀን በአጭር መልእክት ይደገም፦ «ዛሬ እንደተነጋገርነው የማድ ቤቱ መስኮት 120 በ100 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።»

ለግንባታው የስልክ ሰዓትም ይወስኑለት። እኛ ጠዋት ሥራ ከመግባታችን በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ከሥራ ስንወጣ ግማሽ ሰዓት ሰጠነው። ከዚያ ውጪ የሚደወለው ሰው ከተጎዳ ወይም ኮንክሪት ሊፈስ ሲል ብቻ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄዎቻቸውን አጠራቅመው መደወል ጀመሩ።

4. ውሳኔዎችን በሚያስፈልጉበት ቅደም ተከተል ያሰልፉ

ባልና ሚስትን የሚያጣላው ቤቱ ሳይሆን በችኮላ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። «ሠራተኛው ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ የትኛው ቀለም?» ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ እንዲህ የተወሰነ ነገር ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይፈርሳል።

ስለዚህ ምን መቼ መወሰን እንዳለበት አስቀድመው ይወቁ። የሶኬትና የመብራት ቦታ የሚወሰነው ከልስን በፊት ነው፤ ይህ ማለት አልጋውና ሶፋው የት እንደሚቀመጡ ገና ቤቱ ግድግዳ ብቻ እያለ ማወቅ አለብዎት ማለት ነው። በወረቀት ላይ ማሰብ ካቃተዎት፣ እኔ እንዳቃተኝ፣ ጠመኔ ይዘው ወለሉ ላይ አልጋውን በልኩ ሥለው ይተኙበት። እጅዎን ሲዘረጉ የሚደርሱበት ቦታ ላይ ሶኬቱን ያስምልክቱ። የማድ ቤት ቁም ሣጥን ደግሞ ከልስን በፊት ተለክቶ አይታዘዝም። ልስን በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጨምር፣ በሁለት ግድግዳ መካከል አራት ሴንቲ ሜትር ይጠፋል፤ ቁም ሣጥኑም በር ላይ ይቀራል። በርና መስኮት ግን ለመሠራት ሳምንታት ስለሚወስዱ ክፍተቶቹ እንደተገነቡ ወዲያው ለክቶ ማዘዝ ይሻላል።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት ውሳኔዎች ብቻ ይዛችሁ ተቀመጡ። ከአንድ ሰዓት አይለፍ። አንዳችሁ ማንቀላፋት ከጀመራችሁ ወረቀቱ ይታጠፍ።

5. ልጆችን ወደ ግንባታው ይውሰዱ፤ ግን በልኩ

ልጆች ወላጆቻቸውን የሚነጥቃቸውን ቦታ ማየት አለባቸው። ካላዩት ይጠሉታል። ይሁን እንጂ ግንባታ መጫወቻ ስላልሆነ ሠራተኞች በሌሉበት ሰዓት፣ ጫማቸው ድፍን ሆኖ፣ እጃቸው በእጅዎ ተይዞ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ይሂዱ። ከመግባታቸው በፊት እርስዎ አንድ ጊዜ ይዙሩ፦ ምስማር የቀረበት ጣውላ፣ ወደ ላይ የቆመ የፌሮ ጫፍ፣ መከለያ የሌለው ጉድጓድ፣ ውሃ የሞላ በርሜል። ለትንሽ ልጅ ከሁሉም የሚያስፈራኝ በርሜሉ ነው፤ ድምፅ የለውም።

ስለ እርጥብ ሲሚንቶ የሚያውቁ ወላጆች ጥቂት ናቸው። ጭቃ ስለሚመስል ልጆች እጃቸውን መክተት ይወዳሉ። ነገር ግን ከፍተኛ የአልካላይነት ባሕርይ ስላለው ቆዳ ያቃጥላል፤ ሲነካ ወዲያው ስለማያምም ቃጠሎው የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ከነካቸው ልብሱን አውልቀው ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ያጥቡ፤ ዐይን ውስጥ ከገባ እየታጠበ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ለእያንዳንዱ ልጅ እውነተኛ ሥራ ይስጡ፤ የራሱን ክፍል መለካት፣ መስኮት መቁጠር፣ ፎቶግራፍ ማንሣት። ለማስመሰል የተሰጠ ሥራ መሆኑን ያውቃሉ።

6. የቤቱን ገንዘብና የቤተሰቡን ገንዘብ ለያዩ

ሁለት የባንክ ሒሳብ ይኑር። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይና መድኃኒት ከሚወጡበት ሒሳብ ለግንባታው ሳንቲም አይወሰድ፤ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ሁለተኛው ይቀልላል። ከግምቱ በላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይያዙ። የሚኖሩበትንም ቤት ውል ከተባለው ማጠናቀቂያ ቀን ቢያንስ ሁለት ወር አሳልፈው ያድርጉት። ለተሠራ ሥራ እንጂ ለሚሠራ ሥራ አይክፈሉ፤ ከእያንዳንዱ ክፍያም 5 ወይም 10 በመቶ ጉድለቶች እስኪታረሙ ድረስ ይቆይ። ሲሚንቶ ረከሰ ተብሎ ለዓመት አይገዛም። ከመሬት ከፍ ብሎ በደረቅ ቦታ ካልተቀመጠ ይረጋል፤ በደህና ቢቀመጥ እንኳ ከሦስት ወር ካለፈው ጥንካሬው እየቀነሰ ይሄዳል።

7. ሳይበቃ አይግቡ

በመጨረሻው ወር ሁሉም ሰው ይደክመዋል፤ «ገብተን እንጨርሰዋለን» የሚለው ሐሳብም ይጣፍጣል። ቀለም ያልተቀባ ክፍል ይዞ መግባት ይቻላል። የደረጃና የበረንዳ መከለያ ሳይኖር፣ ኤሌክትሪኩ በባለሙያ ሳይፈተሽ፣ ውሃና ሽንት ቤት ሳይሠራ፣ በሩ ሳይቆለፍ ግን ከልጆች ጋር አይገባም። የልጆቹ ክፍል መጀመሪያ ይቀባ፤ ሽታው እስኪወጣ መስኮቱ ተከፍቶ ብዙ ቀን ይሰንብት።

ከገባን በአራተኛው ሳምንት ባለቤቴ ለልጃችን የመጽሐፍ መደርደሪያ ሊሰቅል መሰርሰሪያውን ይዞ ከግድግዳው ፊት ቆመ። «ቆይ አባዬ» አለችው። ስልኬን አመጣችና ፎቶግራፉን ፈልጋ አወጣች። ቧንቧው ከጥጉ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ይታያል፤ ከፎቶግራፉ ጠርዝ የሜትሩን ጫፍ የያዘች ትንሽ እጅ አለች። ባለቤቴ 70 ላይ ለክቶ ሰረሰረ።