ያለ ማስረጃ ማመን መቼ ነው ሚቻለው? ለክርክር ወዳዶች

"ማስረጃ ከሌለህ አትመን" ባይና "እምነት ማስረጃ አይፈልግም" ባይ አንድ ረከቦት ዙሪያ ከተቀመጡ በረካው ሳይደርስ ይጣላሉ። እኔ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው ባይ ነኝ፣ ዋናው የትኛው የት እንደሚሰራ መለየቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ "ብሳሳት የሚጎዳው ማነው?" በሉ። ክሊፈርድ የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1877 እ.ኤ.አ. ይሄን ሲያስረዳ፣ አሮጌ መርከቡን ሳያስመረምር "ደህና ናት" ብሎ ራሱን አሳምኖ ሰው የጫነ ባለመርከብ ያነሳል፣ ባትሰምጥ እንኳ ጥፋተኛ ነው ይላል። እኛ ጋ አምጡትና ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሚኒባስ አድርጉት፣ ሹፌሩ ፍሬኑ ሲረገጥ እየሰመጠበት "ኧረ ምንም አይልም" ብሎ ከልቡ አምኖ ቁልቁለቱን ጀመረ፣ ጉሙ ፊት አያሳይም፣ ከኋላ ልጅ የታቀፈች እናት አለች። በሰላም ገብታችሁ የደብረ ሲና ቆሎ እየቆረጠማችሁም ቢሆን ሰውዬው እንደዛ የማመን መብት አልነበረውም፣ ፍሬኑን ቼክ ማድረግ እየቻለ አላደረገማ!

ግን ለሁሉም ነገር ማስረጃ አምጣ አትበሉ። ትላንት ሽሮ በላሁ ያለን ሰው ማስረጃ ብትጠይቁት ከየት ያመጣል? ትዝ ብሎት ነው በቃ። ለማስረጃውም ማስረጃ ከተባለ ማቆሚያ የለውም፣ ስለዚ አይናችሁንና ትዝታችሁን የሚያጠራጥር ነገር እስኪመጣ እመኑ።

ማስረጃ ሊፈርደው የማይችል፣ ትልቅና መሀል ላይ መቆም የማይቻልበት ጉዳይ ሲሆን ደሞ ልብን መከተል ይፈቀዳል ያለው አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊሊያም ጄምስ ነው፣ በ1896 እ.ኤ.አ.። (ቴሌግራም ላይ "ብርህን በሳምንት እጥፍ" የሚለው እዚህ አይገባም፣ እሱ ተጣርቶ የሚደረስበት ነው።)

የታየውንና የተተረጎመውን ለዩ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ደብረ ብርሃንን ቆረቆሩ ይባላል፣ ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ምሁራን አሉ። ምን በራ ለሚለው ማስረጃ መፈለግ ይቻላል፣ የፈጣሪ ምልክት ነበር ወይ የሚለውን ግን ቴሌስኮፕ አይፈርደውም። ስለዚ ከመጀመራችሁ በፊት በየትኛው ጥያቄ እንደምትከራከሩ ተስማሙ፣ አለዚያ አንዱ ስለ ኮከብ ሌላው ስለ እግዜር እያወራ ይመሽባችኋል።