ከፎቶው ሳይሆን ከመሣሪያው ጀምሩ፦ ሴቶች የሚጫወቱባቸውን የኤክስትሪም ሜታል ባንዶች ስትፈልጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ሲገባ ማታ ማታ ውጭ የሚቆም ሰው የለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዱ ሰውን በጊዜ ቤቱ ይከተዋል። የእህቴ ልጅ ከኪነት ቡድኗ ልምምድ ስትወጣ እኔ ቤት ጎራ ማለት የጀመረችው በዚህ ወቅት ነው። ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። አንድ ምሽት ጣቶቿን ከሰሉ ላይ እያሟሟቀች፣ «ጋሼ፣ አንተ በምትሰማው በዚያ በከባዱ ሙዚቃ ውስጥ ሴት አለችበት?» አለችኝ።

አለችበት። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗታል። ግን ይህችን ሴት ፈልጎ ማግኘት ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። እኔ ራሴ ስቼባቸዋለሁ፤ የእህቴ ልጅና ጓደኞቿም ሲሳሳቱ አይቻለሁ። ኤክስትሪም ሜታል ስል የሜታልን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም የሚጫወተውን የከባድ ሮክ፣ በጣም የከረሩ ዘርፎች ማለቴ ነው፦ ዴዝ ሜታልን፣ ብላክ ሜታልን፣ ቀርፋፋውን ዱምን፣ ግራይንድኮርንና ጠንከር ያለውን ትራሽ። ዓመቶቹን፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

«የሴቶች ሜታል» ብሎ መፈለግ

ይህን ቃል ዩቲዩብ ላይ ስትጽፉ በአብዛኛው የሚመጣላችሁ ናይትዊሽ ወይም ዊዚን ቴምፕቴሽን ነው። ኦርኬስትራ፣ ረጅም ቀሚስ፣ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ድምፅ። ናይትዊሽ በ1996 ፊንላንድ ውስጥ የተመሠረተ ትልቅ ባንድ ነው፤ የሚጫወተው ግን ሲምፎኒክ ሜታል ነው። ዴዝ ሜታል ልትሰማ የወጣች ልጅ እሱን ሰምታ «ለካ ሴቶቹ ያሉት ለስላሳው ጋ ነው» ብላ ትመለሳለች። የእህቴ ልጅም እንደዚያው ብላ ነበር።

ሴት መሆን የሙዚቃ ዓይነት አይደለም። ማሲንቆ የምትመታና በገና የምትደረድር ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ሙዚቃ ተጫወቱ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። መጀመሪያ ጆሯችሁ የሚፈልገውን ለዩ። ቀርፋፋና እንደ ድንጋይ የከበደ ከሆነ ከኮፐንሃገን ኮንቬንት አለላችሁ፤ በ2015 የተመሠረተ፣ አባላቱ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት ዴዝ-ዱም ባንድ ነው። ብላክ ሜታል ከሆነ የአቴኑ አስታርቴ። ፈጣን ዴዝ ሜታል ከሆነ የብራዚሉ ክሪፕታ።

ድምፃዊቷን ብቻ መፈለግ

ትልቁ ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የእህቴ ልጅ የጊታር ቦርሳዋን አንግታ ሚኒባስ ስትሳፈር የሚቀርብላት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዘፋኝ ነሽ?» አንድ ጊዜ ለአንድ የበዓል ዝግጅት ተጠርተው ሄዱ። አዘጋጁ ገና መድረኩ ሳይደራጅ «አንቺ ማይኩን ያዢ፣ ቤዙን ከወንዶቹ አንዱ ይመታዋል» አላት። መዝፈን አትችልም፤ እችላለሁ ብላም አታውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ የለፋችበትን መሣሪያ ለሌላ ሰጥታ ከኋላ ቆማ ስታጨበጭብ አመሸች። ቤት ስትመጣ ምንም አላለችኝም፤ የተናገረችው ከወር በኋላ ነው። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ባንድ ስንፈልግም ብዙዎቻችን የምናደርገው አዘጋጁ ያደረገውን ነው። ሴቷን ማይኩ ጋ ብቻ እንፈልጋታለን፤ እዚያ ካጣናት የለችም እንላለን።

ጆ ቤንችን እንውሰድ። ቦልት ትሮወር የተባለው የዴዝ ሜታል ባንድ በ1986 እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ውስጥ ተመሠረተ። ጆ ቤንች በ1987 ቤዝ ጊታር ይዛ ገባች። ባንዱ ከ1988 እስከ 2005 ስምንት አልበሞች አወጣ፤ በስምንቱም ላይ ቤዙ የእሷ ነው። ድምፃዊ ተቀየረ፣ ድራመር ተቀየረ፣ እሷ ግን ቦታዋ ላይ ነበረች። ድራመሩ ማርቲን ከርንስ በመስከረም 2015 ሲያርፍ፣ ልክ በዓመቱ ባንዱ ማብቃቱን አሳወቀ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ አልተለየችም። ድምፃዊት ብላችሁ ብትፈልጉ ጆ ቤንችን ዕድሜ ልካችሁን አታገኟትም፤ በማይኩ የቆሙት ወንዶች ናቸውና።

እሷ ብቻ አይደለችም። ሊዝ ባኪንግሃም ከ2003 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ዊዛርድ በተባለው ዱም ባንድ ውስጥ ጊታር ትጫወታለች፤ ያ ዝግ ብሎ የሚጎተት፣ ግድግዳ የሚያክል የጊታር ድምፅ ግማሹ የእሷ ነው። የክሪፕታ ድራም ላይ የተቀመጠችው ሉአና ዳሜቶ ናት። ፕሪካ አማራል በ2010 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ኔርቮሳ የተባለውን ባንድ ስትመሠርት ጊታሪስት ነበረች፤ ድምፁን ደርባ የያዘችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሜታል አርካይቭስ የሚባል፣ ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ የባንዶች መዝገብ አለ። አንድ አልበም ስትከፍቱ ማን ምን እንደተጫወተ ስም በስም ተዘርዝሯል። ዘፈኑን ከወደዳችሁት ያንን ዝርዝር አንብቡ። በተለይ ብላክ ሜታል ውስጥ ብዙዎቹ የመድረክ ስም ስለሚጠቀሙ ስሙን አይታችሁ ወንድ ነው ብላችሁ አትለፉ፤ የሰውየውን ወይም የሴትየዋን ገጽ ክፈቱት። ከአንዷ ተነስታችሁ ሌላ የተጫወተችባቸውን ባንዶች ታገኛላችሁ፤ መንገዱ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመራችኋል።

በስልክ ድምፅ ማጉያ መስማት

ቦልት ትሮወርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማኋት ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነበር። ጥቂት ሰምታ «ንብ ቀፎ ውስጥ የገባች ነው የሚመስለው» አለች። እውነቷን ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በተለመደው ቅኝት በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ዴዝ ሜታል ተጫዋቾች ደግሞ ከዚያም ዝቅ አድርገው ይቃኛሉ። የስልክ ማጉያ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ያን ያህል ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ አቅም የለውም። ስለዚህ የቀረው የጊታሩ ጩኸት ብቻ ነበር። ጆ ቤንችን ላስተዋውቃት ብዬ ጆ ቤንችን አውጥቼ አሰማኋት ማለት ነው።

ሄድፎን ሰጠኋትና ያንኑ ዘፈን መልሼ ከፈትኩላት። ምንም አላለችም። ጋቢው ጠርዝ ላይ ያረፉት የግራ እጇ ጣቶች ግን መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ አንድ ክር ላይ ወደ ታች ሁለት እርምጃ፣ አንድ ወደ ላይ። ዘፈኑ ሲያልቅ «ይሄ ሰውዬ ቤዙን አይጣደፍበትም» አለች። ሰውዬ አለመሆኑን ያን ጊዜ ነገርኳት።

ውድ ሄድፎን አያስፈልግም። ጆሮ ውስጥ በደንብ የሚገጥም ኤርፎንም ይበቃል። ጥቅል እንዳይባክን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሆኑ አውርዳችሁ ያዙት፤ መብራት በጠፋበት ማታ ጥሩ ጓደኛ ነው።

«ይሄማ የሴት ድምፅ አይደለም» ብሎ መደምደም

የጀርመኗ ድምፃዊት አንጄላ ጎሶ ከስዊድኑ ባንድ ከአርች ኤነሚ ጋር የሠራችው የመጀመሪያ አልበም በ2001 ሲወጣ ይህን ያሉ ብዙ ነበሩ። እኔም የወንድ መስሎኝ ሰምቼ ፎቶውን ሳይ ደንግጫለሁ። ምክንያቱ ጉሮሯችን ውስጥ ነው። ለንግግርና ለዘፈን የምንጠቀምባቸው የድምፅ አውታሮች በወንድና በሴት ይለያያሉ፤ ከእነሱ በላይ ግን በተለመደው ጊዜ ሥራ የማይኖራቸው ሌሎች እጥፋቶች አሉ። ግሮል፣ ማለትም በዚህ ሙዚቃ የሚሰማው የማጓራት አዘፋፈን፣ ሲወጣ እነዚህ ተጠጋግተው ይርገበገባሉ፤ ያ የሚጎረብጥ፣ የሚያገሳ ድምፅ በብዛት የሚመጣው ከእነሱና ከአፍና ከጉሮሮ ቅርጽ ነው። በዚህ ጊዜ የወንድና የሴት የድምፅ ልዩነት በጣም ይደበዝዛል።

ኖርዌያዊቷ ሩንሂልድ ጋመልሴተር 17 ዓመቷ ሳለ አሜሪካ ለትምህርት ሄዳ ቶርስ ሃመር የሚባል ዱም ባንድ ውስጥ ገባች። ባንዱ የቆየው ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። በቀረው ቅጂ ላይ በዝግታ፣ ጥርት ባለ የልጃገረድ ድምፅ ታዜማለች፤ ከዚያ ያው ሰው መሬት እንደሚሰነጠቅ ያለ ግሮል ታወጣለች። ኋላ በሕዋስ ሳይንስ ዶክትሬት ሠርታለች።

እኛ አገር ደግሞ የሴት ድምፅ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ለማንም አዲስ መሆን አልነበረበትም። መንዝ ውስጥ ለቅሶ የደረሰ ሰው ያውቀዋል። ሙሾ የምታወርደዋ ሴት ድምፅ ሲሻክርና ሲሰበር፣ ገደሉ ሲመልሰው፣ ቆሞ የሚሰማው ወንድ ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ያን ድምፅ የሴት አይደለም ያለ የለም።

ግሮልን ራሳችሁ ልትሞክሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር ብቻ፦ ጉሮሮ ካመመ ስህተት ነው፤ ወዲያው አቁሙ።

ትናንት የተጀመረ አድርጎ ማሰብ

ዩቲዩብ አዲሱን ስለሚያስቀድም ሴቶች ሜታል ውስጥ የገቡት አሁን በቅርብ ይመስላል። ድምፃዊቷ ሳቢና ክላሰን የጀርመኑን ባንድ ሆሊ ሞሰስን የተቀላቀለችው በ1981 ነው፤ የመጀመሪያ አልበማቸው በ1986 ወጣ። በዚያው በ1986 አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ኑክሊየር ዴዝ የተባለው ባንድ ተመሠረተ፤ ቤዙም ድምፁም የሎሪ ብራቮ ነው። በ1988 ፒትስበርግ ውስጥ የተቋቋመው ደርኬታ ሴቶች ብቻ የነበሩበት ዴዝ ሜታል ባንድ ነው፤ የመጀመሪያ ሙሉ አልበሙን ለማውጣት ግን እስከ 2012 ጠበቀ። ሃያ አራት ዓመት! ይህን ዓመት ሳነብ ሁሌ የእህቴን ልጅ አስባለሁ። የአስታርቴዋ ትሪስቴሳ ደግሞ ከ1995 ጀምሮ ባንዱን መርታ በ2014 አረፈች።

የድሮውን ቅጂ ጥራት አይታችሁ አትሽሹ። ጆሮ ይለምደዋል።

ግጥሙን ሳያነቡ መፍረድ

እዚህ ብዙ ሰው «ይሄ የሰይጣን ዘፈን ነው» ይላል። እናቴም ትላለች፤ አልከራከራትም፣ ምክንያቱም በከፊል እውነት አላት። ብላክ ሜታል ውስጥ ሃይማኖትን በግልጽ የሚሳደብ ብዙ አለ፤ እኔ የማልሰማቸው ባንዶች አሉ። ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት ግን ልክ አይደለም። ከኢንዶኔዥያ፣ ከምዕራብ ጃቫዋ ጋሩት የመጡት የቮይስ ኦቭ ባቸፕሮት ባንድ ሦስት ልጆች ሒጃብ ለብሰው ነው ጊታርና ድራም የሚጫወቱት፤ ሙዚቃ እንድንጫወት ፍቀድልን ብለው ፈጣሪን የሚለምኑበት ዘፈንም አላቸው። ሙዚቃቸው እንደ ዴዝ ሜታል የከረረ አይደለም፤ ለጀማሪ ግን ጥሩ በር ነው። በ2024 እንግሊዝ አገር በግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተጫውተዋል።

ቦልት ትሮወር ደግሞ ከሞላ ጎደል የሚያወራው ስለ ጦርነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ እናቴ አንድ ጓዝ ብቻ ይዛ ጣርማበርን ወጥታ እኔ ጋ መጣች። ከዚያ በኋላ የእነዚህን ሰዎች ግጥም ስሰማ እንደ ድሮው አልሆነልኝም። የወደቀውን ጓደኛ የሚያስታውስ ወታደር ድምፅ ሆኖ ነው አሁን የሚሰማኝ። ግጥሙን ሳላነብ ብፈርድ ኖሮ ይህን አጣው ነበር።

የባንዱን ስም ብቻ ይዞ መሄድ

ባንዶች አባላት ይቀያይራሉ። ድምፁንም ቤዙንም የምትይዘው ፈርናንዳ ሊራና ድራመሯ ሉአና ዳሜቶ ኔርቮሳ ውስጥ ነበሩ፤ በ2020 ለቀው ክሪፕታ ላይ አተኮሩ፤ የመጀመሪያ አልበማቸውም በ2021 ወጣ። በ2018 የወጣውን የኔርቮሳ አልበም የወደደ ሰው የ2021ውን ሲከፍት ከፕሪካ በቀር ሌላ ሰው ነው የሚያገኘው። አልበሙን ከነዓመቱ ያዙ።

«ለሴት ጎበዝ ናት» ማለት

ማድነቅ ይመስላል፤ ግን መለኪያውን ዝቅ አድርጎ መስጠት ነው። ጆ ቤንች ቤዝ ትመታለች። ጥሩ ነው ወይስ አይደለም፣ እሱን ንገሩኝ።

ሁሉን አንድ ላይ መላክ

አንድ ቅዳሜ ለእህቴ ልጅ ሠላሳ የሚሆኑ ዘፈኖች በቴሌግራም ላኩላት። በሳምንቱ ስጠይቃት ሁለቱን ሰምታ ትታዋለች፤ ሁሉም አንድ ሆኖባታል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ተነጣጥሎ የሚታወቀው ሲደጋገም ነው።

አሁን አንድ አልበም ለሁለት ሳምንት ነው የምሰጣት። ከቦልት ትሮወር በኋላ ክሪፕታን ወሰደች። ስትመለስ የጠየቀችኝ ስለ ፈርናንዳ ሊራ ነው፤ እንደዚያ እየጮኸች ቤዙን ሳትስት እንዴት ትመታዋለች ብላ። የመድረክ ቪዲዮ ከፍተን፣ እጇ የሚታይበት ቦታ ላይ እያቆምን፣ ቡናው እስኪበርድ አየነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የኮንቬንት ተራ ነው። ቀርፋፋ ስለሆነ ቤዙን በጆሮ ለመልቀም ይመቻታል፤ ጊታሯን ይዛ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ።