የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ቴምብሮች፦ እንዴት እንደሚሰበሰቡ፣ እንዴትም እንደሚበላሹ

ማድሪድ ውስጥ ፕላሳ ማዮር የሚባለው አደባባይ ላይ እሁድ እሁድ ጠዋት የቴምብርና የሳንቲም ገበያ ይቆማል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን በላስቲክ የታሰሩ 12 አሮጌ ፖስታዎች በ15 ዩሮ ገዛሁ። ማረፊያዬ ገብቼ ሳህን ላይ ለብ ያለ ውሃ ቀዳሁና ቴምብሮቹን ነክሬ አላቀቅኳቸው። ወረቀቱን ጣልኩት። ቴምብሮቹን አድርቄ ደረደርኩና ፎቶ አንስቼ ለአንድ አንጋፋ ሰብሳቢ ላክሁላቸው።

«ፖስታዎቹስ?» አሉኝ።

«ጣልኳቸው።»

ዝም አሉ። ለካ ፍሬውን ጥዬ ገለባውን ነው ያስቀመጥኩት። ቴምብሮቹ በሳንቲም የሚሸጡ ዓይነት ነበሩ። ፖስታዎቹ ላይ ግን የወታደራዊ ሳንሱር ማኅተም ነበረባቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ይሄው ነው፦ ምንም ነገር አትንከሩ፣ ምንም ነገር አትቁረጡ።

ሁለተኛው ሁለቱን ወገን መለየት ነው። ከሐምሌ 1936 እስከ ሚያዝያ 1 ቀን 1939 (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስፔን ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ፖስታ ቤት ነበራት። የሪፐብሊኩ ቴምብር በአብዛኛው «ሬፑብሊካ ኤስፓኞላ» (የስፔን ሪፐብሊክ) ይላል። በሪፐብሊኩ ላይ ያመፀው የጄኔራል ፍራንኮ ወገን ደግሞ በአብዛኛው «ኤስታዶ ኤስፓኞል» (የስፔን መንግሥት)። የመንግሥት ማተሚያ ቤቱ ማድሪድ ስለነበር በሪፐብሊኩ እጅ ቀረ። የፍራንኮ ሰዎች ቡርጎስ፣ ቪቶሪያና ሳራጎሳ ባሉ የግል ማተሚያ ቤቶች ማሳተም ጀመሩ። በየከተማው ደግሞ ያገኙትን የሪፐብሊክ ቴምብር ወስደው «ቪቫ ኤስፓኛ» (ስፔን ትኑር) ወይም «አሪባ ኤስፓኛ» (ስፔን ከፍ ትበል) የሚል ጽሑፍ በላዩ አተሙበት። ጥድፊያ፣ ትንሽ ማተሚያ ቤት፣ በእጅ የተደረደረ ፊደል። የህትመት ስህተቱ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ወረንጦ፣ የቴምብሩን ጥርስ መለኪያ ካርድ፣ በቃ። የአልትራቫዮሌት መብራት ሰው ሁሉ ግዛ ይላል። እኔ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተጠቀምኩበት። ገንዘባችሁን ለካታሎግ አውሉት፤ የስፔኑ ኤዲፊል ይበቃል። ካታሎጉ ላይ ያለው ዋጋ ግን የምኞት ዋጋ ነው፤ ገበያ ላይ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ባነሰ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ጠበብ ያለ ርዕስ ምረጡ። ሁሉን እሰበስባለሁ ያለ ሰው ካርቶን ሙሉ ቆሻሻ ይዞ ይቀራል። ለጀማሪ የምመክረው የሳንሱር ማኅተም ነው፤ ርካሽ ነው፣ በየከተማው ይለያያል። ብዙዎች መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው የባሕር ሰርጓጅ ፖስታው ላይ ነው። ነሐሴ 1938 ሲ-4 የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ከባርሴሎና ሜኖርካ ደሴት ወዳለችው ማኦን ከተማ ደብዳቤ ይዛ ሄደች። ለዚሁ ተብሎ የተለየ ቴምብር ታትሟል። ታሪኩ ደስ ይላል። ነገር ግን ቴምብሩ በአብዛኛው ከሰብሳቢ ገንዘብ ለማግኘት ታስቦ የወጣ ነው፤ ዋጋውም ይቆነጥጣል። ለሌላ ጊዜ ይቆያችሁ።

አሁን ማኅተም ማንበብ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከተማው የቱ ነው? ቀኑ ስንት ነው? በዚያ ቀን ከተማው በማን እጅ ነበር? ማላጋ የካቲት 8 ቀን 1937፣ ቢልባኦ ሰኔ 19 ቀን 1937፣ ባርሴሎና ጥር 26 ቀን 1939፣ ማድሪድ መጋቢት 28 ቀን 1939 በፍራንኮ ጦር እጅ ገቡ። እነዚህን ቀኖች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። «ኤስታዶ ኤስፓኞል» የሚል ቴምብር ላይ የባርሴሎና ማኅተም፣ ቀኑም ታኅሣሥ 1938 ከሆነ፣ ሻጩን አመስግናችሁ እለፉ።

ደብዳቤው ውስጥ «ሰጉንዶ አኞ ትሪዩንፋል» የሚል ካያችሁ አትደናገጡ። የፍራንኮ ወገን ዘመኑን የሚቆጥረው ጦርነቱ ከጀመረበት ሐምሌ ነበር። «ሁለተኛው የድል ዓመት» ማለት ከሐምሌ 1937 እስከ ሐምሌ 1938 ነው።

አልባሴቴ የሚል ማኅተም ካገኛችሁ ቆም በሉ። ለሪፐብሊኩ ሊዋጉ ከውጭ አገር የመጡት በጎ ፈቃደኞች፣ የዓለም አቀፍ ብርጌዶቹ፣ ሰፈር እዚያ ነበር። ከፍራንኮ ጎን የተሰለፉት የኢጣሊያ ወታደሮች ደግሞ የራሳቸው ፖስታ ቤት ነበራቸው፤ ማኅተሙ «ኡፊቾ ፖስታሌ ስፔቻሌ» (ልዩ ፖስታ ቤት) ይልና ቁጥር ይከተለዋል። ከነሱ መካከል ከኢትዮጵያ ዘመቻ በቀጥታ ወደ ስፔን የዞሩ ነበሩ። እንዲህ ያለ ፖስታ ይዤ ስቀመጥ የጻፈው ሰው ከዓመት በፊት የት እንደነበር ማሰቤ አይቀርም።

ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ፤ በላዩ የታተመው ጽሑፍ የተሳሳተበት ቴምብር። ጽሑፉ ተገልብጦ ይታተማል፣ ሁለቴ ይታተማል፣ ፊደል ይጎድለዋል። ዋጋው የሚሰቀለው እዚህ ላይ ነው፤ አጭበርባሪም የሚሰለፈው እዚሁ ነው። ቴምብሩ እውነተኛ ነው፣ ርካሽም ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት ጥቁር ፊደላት መጨመር ብቻ ነው። በምኒልክ ዘመን ቴምብሮች ላይ «ቦስታ» ተብሎ የታተመባቸውን የሚሰበስብ ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል።

መፈተሻው ቅደም ተከተሉ ነው። ትክክለኛው ቴምብር መጀመሪያ ጽሑፉ ይታተምበታል፣ ከዚያ ይሸጣል፣ መጨረሻ ላይ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ያርፍበታል። ስለዚህ የማኅተሙ ቀለም ከጽሑፉ በላይ መሆን አለበት። ጽሑፉ ከማኅተሙ በላይ ከተቀመጠ አንድ ሰው ያገለገለ ቴምብር ገዝቶ ቤቱ አትሞበታል ማለት ነው።

ይሄ በወሬ ቀላል ነው። ችግሩ ሁለቱም ጥቁር መሆናቸው ነው። መብራቱን ከጎን አድርጉት፣ ቴምብሩን ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት፣ ጽሑፉና ማኅተሙ የሚሻገሩበትን ቦታ በመነጽር ፈልጉ። የማተሚያ ቀለም ቅባትነት ስላለው ያበራል። የማኅተም ቀለም ደብዘዝ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የማኅተም ቀለም ቅባቱ ላይ በደንብ ስለማይዝ አንዳንዴ እዚያ ቦታ ላይ ይሳሳል። ያኔ እውነተኛው ቴምብር ሐሰተኛ ይመስላል። ስለዚህ በአንድ መሻገሪያ አትፍረዱ። ሦስት አራት ቦታ እዩ።

ቀጥሎ ጀርባውን ገልብጡ። በብረት ፊደል የታተመ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ወረቀቱን ጫን ስለሚለው በጀርባ በኩል ትንሽ እብጠት ይታያል። በሌዘር ፕሪንተር የተሠራ ከሆነ በፊደሉ ዙሪያ ጥቃቅን ጥቁር ብናኝ ታያላችሁ። ቀለሙ በወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ከሮጠ ደግሞ ኢንክጄት ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላም ተበልቻለሁ። «ቪቫ ኤስፓኛ» የሚለው የተገለበጠበት አንድ ቴምብር በ60 ዩሮ ገዛሁ። ሁለት ምሽት ሙሉ መሻገሪያዎቹን ስመረምር ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ማኅተሙን አነበብኩት፦ ማድሪድ፣ ጥቅምት 1936። ማድሪድ እስከ 1939 ድረስ በሪፐብሊኩ እጅ የነበረች ከተማ ናት! ዓይኔ የተገለበጠውን ጽሑፍ እያየ የከተማውን ስም አላነበበም። መጀመሪያ ማኅተሙን አንብቡ፣ መነጽሩ ይደርስበታል።

ማኅተም የሌለበት አዲስ ቴምብር ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። ያለ ባለሙያ የምስክር ወረቀት አልገዛም፤ እናንተም አትግዙ።

ጥርስ የሌለው ቴምብር ሲቀርብላችሁ ጥንዱን ጠይቁ። አንድ ብቻውን ከሆነ ጥርሱ በመቀስ የተከረከመ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ያልተነጣጠሉ ቴምብሮች መካከል ግን መቀስ አይገባም። ደግሞ ብዙዎቹ ጥርስ አልባዎች ሆን ተብሎ ለሰብሳቢ የታተሙ ናቸው። ቀለሙ የተለየ ነው ለሚባለው ምንም አትክፈሉ፤ ፀሐይም ቀለም ይቀይራል። ርካሽና ንጹሕ ጨዋታ ከፈለጋችሁ የመካከለኛው ዘመን የስፔን ጀግና ኤል ሲድ በፈረስ ላይ የሚታይበትን ቴምብር ያዙ፤ ከታች የቡርጎሱ ፉርኒየር ማተሚያ ቤት ስም ያለበትና የሌለበት አለ።

ማስቀመጫው ከፖሊስተር የተሠራ ይሁን፣ ፒቪሲ ወረቀቱን ይበላዋል። የከተማውን ስም፣ ቀኑንና የገዛችሁበትን ዋጋ በእርሳስ ሌላ ካርድ ላይ ጻፉ፤ ፖስታው ላይ አይደለም።

ከነዚያ 12 ቴምብሮች አንዱን የአልበሜ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አኑሬዋለሁ። ግማሽ ማኅተም ይታይበታል፣ የከተማው ስም የመጨረሻ አራት ፊደላት ብቻ። ሴቪያም መሊያም በስፓኒሽ ሲጻፉ በእነዚያው አራት ፊደላት ነው የሚያልቁት። የቀረው ግማሽ ፖስታው ላይ ነበር።