የጨቅላው ሲፓፕ አረፋ ሲያቆም

ሲፓፕ በአፍንጫ መሰኪያ በኩል ግፊት ያለው አየር እየሰጠ ጨቅላውን ለመተንፈስ የሚረዳ መሣሪያ ነው፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ አረፋ ያወጣል። ከሌላ ክፍል ለጊዜው ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተመደበ ነርስ ጠርሙሱ አረፋ ሲያቆም ፍሰቱን ለመጨመር ይቸኩላል። አይቸኩሉ። የአፍንጫ መሰኪያውን ከሕፃኑ አውልቀው የመሰኪያውን ቀዳዳዎች በጓንት ጣት ይድፈኑ። አረፋ ከመጣ መስመሩ ደህና ነው፤ አየሩ የሚያመልጠው በአፍንጫው ዙሪያ ወይም በተከፈተ አፍ ነውና የመሰኪያውን ልክ ይለውጡ። ካልመጣ ከኦክስጅን ምንጩ ጀምረው መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይጫኑ። እዚህ አየር የሚያመልጥበት ቦታ የተገኘው አየሩን የሚያረጥበው ማሰሮ ክዳን ላይ ነበር፤ ጥርሱ ተዛንፎ ገብቷል። ፈቶ ቀጥ አድርጎ መግጠም በቂ ሆነ። 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ግፊት ከታዘዘ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የቱቦው ጫፍ ከውኃው ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ብርድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ እንፋሎቱ ቱቦው ውስጥ ውኃ ይሆናል። ወደ ሕፃኑ አፍንጫ እንዳይፈስ ቱቦውን ዝቅ አድርገው ያፍስሱት።