ከማኔጅመንት ጥናት ለሥራችሁ የሚሆን ነገር እንዴት ታወጣላችሁ?

ተመራማሪው የሚጽፈው ለሌላ ተመራማሪ ነው። ማናጀሩ ደግሞ ስልክ ሲያነሳ ነው የሚውለው። መወቃቀሱ ፋይዳ የለውም፤ መምህሩ ዕድገት የሚያገኘው ጆርናል ላይ ባሳተመው እንጂ እናንተ መሥሪያ ቤት በተስተካከለው ነገር አይደለም። ስለዚህ የሚጠቅማችሁን ሄዳችሁ አምጡ።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን አጥብቡ። "ስለ አመራር ላንብብ" ብሎ የገባ ሰው ሲያነብ ከርሞ ባዶ እጁን ይወጣል። "ስቀጥር አፈ ቅቤውን ከእውነተኛው ሠራተኛ በምን ልለይ?" ግን መልስ አለው።

አንድ ጥናት ይዛችሁ አትሩጡ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ፣ ሜታ አናሊሲስ የሚባለውን ፈልጉ፤ የወጣበትንም ዓመት እዩ። ለምሳሌ ሽሚት እና ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ሠራተኛ ምርጫ የተደረገ የ85 ዓመት ምርምር አጠቃለው የአእምሮ ችሎታ ፈተናን ጥሩ ሠራተኛን አስቀድሞ ከሚለዩት ዋነኞቹ መለኪያዎች አንዱ አድርገው አስቀመጡት። በ2002 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ወደ 1000 የሚጠጉ የሰው ኃይል ባለሙያዎች ተጠይቀው አብዛኞቹ "ከአእምሮ ችሎታ ይልቅ ታታሪነትና ጥንቃቄ ይበልጣል" አሉና ተሳስተዋል ተባሉ። በ2022 ሳኬት የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የቀድሞዎቹን ስሌት እንደገና ሲፈትሹት የአእምሮ ችሎታ ፈተናው ጥሩ ሠራተኛን የመለየት አቅም በደንብ ወረደ፣ አንደኛ የወጣው ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት የሆነ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ ነው። (ፕሮፌሰሮችም ይታረማሉ።)

ጽሑፉን ለማንበብ ክፈሉ ከተባላችሁ ለጸሐፊው ኢሜይል ላኩለት፤ ብዙዎቹ ደስ እያላቸው ይልካሉ።

አሁን ወደ ሥራው፤ እንዲህ ያለውን ቃለ መጠይቅ እናዘጋጅ። ከሥራ መደቡ ተነስታችሁ አምስት ስድስት ጥያቄ አውጡ። "እስቲ ስለ ራስህ ንገረን" የሚለውን ተዉት፣ እሱ የሚጠቅመው ወሬ አዋቂውን ነው። ይልቅ "የተቆጣ ደንበኛ መጥቶብህ ያውቃል? ምን አደረግህ? መጨረሻውስ?" በሉ። ጥሩ፣ መካከለኛና ደካማ መልስ ምን እንደሚመስል አመልካቹ ከመግባቱ በፊት ጻፉ፤ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፣ ያለዚህ ግን ነጥብ መስጠቱ ግምት ይሆናል። ሁሉንም በአንድ ቅደም ተከተል ጠይቁ። ጠያቂዎቹ ሳይነጋገሩ እያንዳንዳቸው ነጥባቸውን ይጻፉ፣ አለቃ መጨረሻ ይናገር፤ አለቃ ቀድሞ "ልጁ ደስ ይላል" ካለ ማን ይቃወመዋል? "የት ሰፈር ነህ?" የሚለው ጨዋታም ከነጥቡ በኋላ ይቆይ።

ወረቀቶቹን አትጣሉ። ከስድስት ወር በኋላ የተቀጠሩትን ሰዎች የሥራ አፈጻጸም ከነጥባቸው ጋር አስተያዩ። ሥራ ላይ ምንም ልዩነት ያላሳየውን ጥያቄ አውጥታችሁ ሌላ ተኩ፤ ጥቂት ሰው ብቻ ቀጥራችሁ ከሆነ ግን ለመፍረድ አትቸኩሉ፣ ሌላ ዙር ጠብቁ።