ግቢ ውስጥ የቆመ የማይታወቅ የፍሬ ዛፍ፦ ችግርና መፍትሄ

አዲስ ቤት ገባችሁ። ግቢው ውስጥ ፍሬ ያንዠረገገ ዛፍ አለ። ስሙን የነገራችሁ የለም። አንዱ ጎረቤት እንዲህ ነው ይላል፣ ሌላው እንዲያ ነው ይላል። ከሁሉም በፊት ሁለት ነገር ልበል። አትቅመሱት፣ አትቁረጡትም። የምትከታተሉት ዛፍ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ማለትም ከአበባ እስከ ፍሬ ከዚያም ቅጠሉን እስኪቀይር ካልታየ ብዙ ነገሩን ይደብቃል። ሰዎች ደግሞ ገና በገቡ በሳምንቱ መጥረቢያ ያነሳሉ፤ እውነቱን ለመናገር ይሄ ያንገበግበኛል።

ችግር፦ ፍሬው ያምራል፣ ወፎችም ይበሉታል። እኛስ እንብላው?

ምክንያቱ፦ ወፍ የበላውን ሰው ይበላል የሚለው እምነት ነው ስንቱን የሚያሳስተው። ሜሊያ የሚባለውን ዛፍ ውሰዱ። ቅጠሉ ከረገፈም በኋላ ቢጫ ፍሬው በዘለላ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ወፎች ይለቅሙታል፣ ለሰውና ለውሻ ግን መርዝ ነው። ብዙ ሰው ከኒም ጋር ያምታታዋል። ልዩነቱ ቅጠሉ ላይ ነው፤ የኒም ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ይደረደራል፣ የሜሊያ ዘንግ ግን ራሱ እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣና ቅጠሎቹ በዚያ ላይ ይደረደራሉ።

ጣዕምም ምስክር አይሆንም። በካሪቢያን ባህር ዳርቻዎች የሚበቅለው ማንቺኒል ትንሽ አረንጓዴ አፕል የሚመስል ፍሬ አለው። ሲጎርሱት መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቆይቶ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል።

መፍትሄው፦ ስሙ በእርግጠኝነት እስኪታወቅ ማንም አይብላ። የወደቀውን ፍሬ ጥረጉ፣ በተለይ ህፃንና ውሻ ካለ። አንድ ሰው ከዋጠ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ቶሎ ወደ ህክምና ውሰዱት፣ በግድ አታስመልሱት፣ ከፍሬውና ከቅጠሉም ቆርጣችሁ ያዙ። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያው ነገር ምን እንደበላ ነው።

ችግር፦ ስልኬ ላይ ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር ሌላ ስም ይሰጠኛል

ምክንያቱ፦ አንድ ቅጠል ብቻ፣ ያውም ከሩቅ አንስታችሁ ነው የምትልኩት። እንደ ፕላንትኔት ያሉ መተግበሪያዎች ጥሩ መነሻ ናቸው፣ ግን ያሳያችሁትን ብቻ ነው የሚያዩት።

መፍትሄው፦ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ ለየብቻ አንሱ። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ቅርፊቱን፣ አበባ ካለ አበባውን፣ ፍሬውን ሙሉውንና ተቆርጦ፣ መጨረሻም ሙሉ ዛፉን ከርቀት። ሁሉም ፎቶ ወደ አንድ ስም ካመራ ጥሩ ፍንጭ አገኛችሁ። ለመብላት ፈቃድ ግን አይደለም። ያንን የሚሰጠው ዛፉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የእፅዋት ባለሙያ ወይም የግብርና ባለሙያ። ስትወስዱለት የተበጠሰ ቅጠል ብቻ አትያዙ፣ ቅጠልም ፍሬም ያለበት ቅርንጫፍ ይሁን።

ችግር፦ ፍሬ የለውም፣ ያለው ቅጠል ብቻ ነው

ይሄ እንደሚመስለው አይከብድም። እንዲያውም ፍሬ ሰውን ያታልላል፣ ቅርፊት ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ቅጠልም አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ፍሬ ባለበት ጊዜም ቢሆን ከቅጠል ጀምሩ።

ጓንት አድርጉና አንድ ቅጠል በጥሱ። ነጭ ወተት ወጣ? በለስ ሊሆን ይችላል፣ የእንጆሪ ዛፍም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ይበላሉ። ግን ቅጠሉ ቀጭን፣ ረጅምና የሚያብለጨልጭ፣ አበባው ቢጫ ጥሩምባ የሚመስል ከሆነ ቢጫ ኦሊያንደር ሊሆን ይችላል። እሱ ልብን የሚያውክ መርዝ አለው፣ ሁሉም ክፍሉ መርዛም ነው፣ ራቁት። የበለስ ወተትም ቢሆን ቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላልና በውሃና ሳሙና ታጠቡ።

ወተት ከሌለው ጨፍልቃችሁ አሽትቱት። የሎሚ ወገን ወዲያው ይታወቃል። ማንጎ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፣ አዲሱ ቅጠሉም ቀላ ብሎ ተንጠልጥሎ ይወጣል። የማንጎ ፈሳሽ አንዳንድ ሰው ላይ ሽፍታ ስለሚያወጣ እጃችሁን ወደ ዓይን አትውሰዱ።

ከዚያ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሱ። ጥቃቅን ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች ካሉት የሎሚ ወገን ወይም ዘይቱን (ጓቫ) ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። እነዚህን ለመለየት አቀማመጡን እዩ፤ የዘይቱን ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፣ የብርቱካንና የሎሚ ግን ተራ በተራ ነው፣ የብዙዎቹም የቅጠል እግር ላይ ትንሽ ክንፍ አለ። ዘይቱን ደግሞ ቅርፊቱ ይላጣል፣ ከስሩ ለስላሳና ዥጉርጉር ግንድ ይታያል። ከአንድ እግር ጫፍ ላይ እንደ እጅ ጣት የተዘረጉ ቅጠሎች ካሏችሁ ካዝሚርን አስቡ።

ቅጠሉ ትልቅ፣ ጠንካራ፣ ጠርዙ ጥርሳም፣ ጀርባው ፀጉራም ከሆነ ወሽመላ ሊሆን ይችላል። ግንዱ ላይ ሙጫ የሚያንጠባጥብ፣ ፍሬው ውስጥ አንድ ጠንካራ ድንጋይ ያለው ዛፍ የኮክና የፕሪም ወገን ሊሆን ይችላል። የነዚህን ድንጋይ ሰብራችሁ ውስጡን አትብሉ፣ ሆድ ውስጥ ሳይናይድ የሚባል መርዝ የሚለቅ ነገር አለው።

ፍሬ ሲመጣ ደግሞ አግድም ቆርጣችሁ አረጋግጡ፣ ቢላዋው የወጥ ቤት አይሁን። መሃሉ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ካያችሁ አፕል ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው። ጥቂት ትልልቅ የሚያብለጨልጩ ቡናማ ዘሮች የወሽመላ ናቸው። ቂጡ ላይ አክሊል የሚመስል ነገር ከቀረ ሮማን ወይም ዘይቱን ይሆናል።

ችግር፦ ብርቱካን ነው ተባለ፣ ፍሬው ግን ትንሽ፣ ዘር የሞላበትና የሚመር ነው

ምክንያቱ፦ ብዙ ጊዜ ብርቱካን በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ ተዳቅሎ ነው የሚሸጠው። የላይኛው በብርድ ወይም በእንክብካቤ ማጣት ሲሞት የታችኛው ያቆጠቁጥና ቦታውን ይወርሳል። ምልክቱ ግልፅ ነው። ከአንድ እግር ሶስት ሶስት ቅጠል ካወጣና እሾሁ ረጅም ከሆነ የታችኛው ነው ያሸነፈው።

መፍትሄው፦ ወደ መሬት ቅርብ ግንዱ ላይ የተዳቀለበትን ጠባሳ ወይም እብጠት ፈልጉ። ከሱ በታች የወጣውን ሁሉ ከስሩ አስወግዱ። ከጠባሳው በላይ ሕያው ቅርንጫፍ ካለ ያገግማል። ከሌለ ግን እንደገና ማዳቀል ወይም በሌላ ችግኝ መተካት ነው ያለው።

ችግር፦ ስሙ ታወቀ፣ ይበላል ተባለ፣ ግን አፍ ያጣብቃል

ምናልባት ፐርሲመን (ቲማቲም የሚመስል ብርቱካናማ ፍሬ) ነው፣ አልበሰለም። አንዳንዱ ዝርያ ሙሉ በሙሉ ካልለሰለሰ አይበላም። ከአፕል ወይም ሙዝ ጋር አስቀምጡት፣ ቶሎ ይበስላል።

ችግር፦ ዛፉን አወቅነው፣ ግን ጭራሽ አያፈራም

ምክንያቱ ብዙ ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ዓመታት ይፈልጋል። አብዛኛው አፕል አጠገቡ ሌላ ዓይነት አፕል ካላበበ አያፈራም። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ እሱን ሁሉ የከረከመ ሰው የዘንድሮውን ፍሬ ነው የቆረጠው። ማንጎና አቮካዶ ደግሞ አንድ ዓመት ያጥለቀልቃሉ፣ በሚቀጥለው ያርፋሉ። ፓፓያ ከሆነ አበባውን እዩ፤ ረጅም ቅርንጫፋም ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ብዙ ትንንሽ አበባ ወንድ ነው፣ ግንዱ ላይ ተጠግቶ የሚወጣ ትልቅ አበባ ሴት ነው።

መፍትሄው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። አፕል ከሆነ በተመሳሳይ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዓይነት ትከሉ። ኮክ ከሆነ ከአዲሶቹ ቅርንጫፎች ጥሩ ጥሩዎቹን ትታችሁ ከርክሙ። ወንድ ፓፓያ ካላችሁ አትንቀሉት፣ ሴቷን ለማዳቀል ያስፈልጋል፤ ሴት ከሌለች ግን ጥቂት ችግኞች አብራችሁ ትከሉና አበባ ሲያወጡ የምታስቀሩትን ለዩ።