ጅቡቲ አንድ ወደብ አይደለም፦ የኮምቦልቻና የደሴ አስመጪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚመጣ ዕቃ ከጅቡቲ ተነስቶ በድንበሩ ጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ በኩል ይገባል። ብዙ ኪሳራ ግን የሚጀምረው መንገድ ላይ ሳይሆን ውል ሲፈረም ነው።

«ወደቡ ጅቡቲ ነው» ብሎ ማለፍ። ጅቡቲ ውስጥ ያሉት ተርሚናሎች በሚያስተናግዱት ጭነት ይለያያሉ። ኮንቴይነር በዋናነት የሚራገፈው በዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ነው። ተሽከርካሪና በኮንቴይነር ያልታሸገ ጭነት እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ሥራ ነው። ነዳጅ በሆራይዘን ተርሚናል፣ ጨው በጉቤት በኩል ያልፋል፤ የታጁራ ወደብ ደግሞ ሲሠራ የታሰበው በተለይ ለፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚውል ማዕድን) ነው። ካርታ አይቶ «ታጁራ ለወሎ ይቀርባል» ብሎ የኮንቴይነር ጭነት ማቀድ እዚህ ላይ ያሳስታል። ብረት ለሚያስመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፦ ያው ብረት በኮንቴይነር ሲመጣና ተጠቅልሎ በክፍት ሲጫን የሚራገፍበት ቦታ፣ የማራገፊያ ሒሳቡና የሚያስፈልገው መኪና ይለያያል። ስለዚህ አቅራቢው ከመጫኑ በፊት አጫጫኑን በጽሑፍ ያስወስኑ፤ ትራንዚተርዎንም (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚዎን) የት እንደሚራገፍ ይጠይቁ።

ድርሻንና አስተዳደርን አንድ ማድረግ። የዱባዩ ወደብ አስተዳዳሪ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ በዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል የነበረው ድርሻ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበር፤ ተርሚናሉን ሲያስተዳድር የነበረው ግን እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በተፈረመ የ30 ዓመት ኮንሴሽን (የማስተዳደር መብት ውል)። የጅቡቲ መንግሥት በየካቲት 2018 (እ.ኤ.አ.) ውሉን አቋርጦ ተርሚናሉን ተረከበ፤ ክርክሩም ወደ ለንደን የግልግል ፍርድ ቤት ሄደ። በሌላ በኩል የቻይና መንግሥት ኩባንያ የሆነው ቻይና ሜርቻንትስ እ.ኤ.አ. በ2013 በጅቡቲ ወደብ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ የገዛው 23.5 በመቶ ነው፤ «ወደቡን ቻይና ገዛው» የሚለው ወሬ ከዚህ ቁጥር ጋር አይገጥምም። የሶማሌላንዱ ወደብ በርበራም እንዲሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 ለኢትዮጵያ 19 በመቶ ድርሻ ተብሎ ተነገረ፤ በ2022 ሶማሌላንድ ቅድመ ሁኔታዎቹ ስላልተሟሉ ድርሻው ቀርቷል አለች። ዛሬም «ድርሻ አለን» ብሎ የንግድ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው መኖሩ ያሳዝናል። ዋጋ የሚጠይቁት ተርሚናሉን ከሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ነው፤ ባለአክሲዮኑን መከተል ለአስመጪ አይጠቅምም።

የመጨረሻ ማድረሻ ቦታን መርሳት። በመልቲሞዳል (ከመርከብ እስከ ደረቅ ወደብ በአንድ ሰነድ በሚያደርስ አሠራር) ሲያስመጡ፣ በመርከብ ጭነት ሰነዱ ላይ ማራገፊያው «ጅቡቲ» ቢባልም ማድረሻው «ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ» መሆን አለበት። ሞጆ ተብሎ ከተጻፈ ኮንቴይነሩ ሞጆ ይሄዳል፤ መልሶ ለማምጣት ሌላ ኪራይ ይከፍላሉ። ሰነዱ ከባንክ ኤልሲዎ (የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ጋርም ቃል በቃል ይመሳከር፤ መርከቡ ከተነሳ በኋላ ማስተካከል ገንዘብም ቀንም ይበላል።

በደረቅ ወደቡ ግቢ ያሉትን ሁለት ቢሮዎች ማምታታት። ግቢውን የሚያስተዳድረው የመንግሥት የሆነው የኢትዮጵያ ባህር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው፤ የማከማቻ ክፍያና የማውረጃ ማሽን ጉዳይ የእሱ ነው። ቀረጥ፣ ፍተሻና መልቀቂያ የጉምሩክ ኮሚሽን ነው። የጉምሩክ ክርክር እስኪያልቅ የማከማቻው ሒሳብ መቁጠሩን አያቆምም፤ ስለዚህ የዋጋና የመነሻ አገር ሰነዶችን ኮንቴይነሩ ጋላፊን ሳያልፍ ያዘጋጁ።

ባልተጀመረ ባቡር ውል መፈረም። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2015 ቢጀመርም ለጭነት አገልግሎት ክፍት አልሆነም። የማስረከቢያ ቀንዎን በከባድ መኪና ጉዞ ያስሉ።